ከጉልበት በታች ያለው ግድግዳ

ክረምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ መካነ ሰላም ውስጥ ከአንድ የጭቃ ቤት አጠገብ ቁሙና ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች እዩት። ከጣራው ሥር ያለው ጭቃ ደረቅ ነው፤ የለሰነችው ሴት የጣቷ ፈለግ እንኳ አልጠፋም። ወገብ ላይም ደህና ነው። ከጉልበት ዝቅ ስትሉ ግን ነገሩ ይለወጣል። ልስኑ ተልጧል፤ ምርጊቱ ተሸርሽሮ ጭዱ ወጥቷል፤ በባሰበት ቦታ ማገሩ ይታያል። አሁን ዓይናችሁን ወደ መሬት አውርዱ። በጣራው ጫፍ ትክክል፣ ግድግዳውን ተከትሎ የሚሄድ ቀጭን የጠጠር መስመር ታገኛላችሁ። ጠፈጠፉ አፈሩን አጥቦ ወስዶ ጠጠሩን ብቻ ያስቀረበት ነው። ከመስመሩ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት በስንዝር ለኩት። ሁለት ስንዝር ካልሞላ የዚያን ቤት ችግር ማንንም ሳትጠይቁ አውቃችኋል።

ወዳጆቼ፣ ይህን ያህል የምጓጓለት ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። «ጭቃ ውሃ አይችልም» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ እውነት ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው «ስለዚህ የጭቃ ቤት ዕድሜ የለውም» የሚለው ግን ስህተት ነው፤ ይህ ስህተት ደግሞ ብዙ ቤተሰብን አላግባብ ገንዘብ ያስወጣል። የጭቃ ቤት የሚፈርሰው ውሃ ግርጌው ላይ እንዲቆይ ሲፈቀድለት ነው። ውሃው ቶሎ ካለፈ፣ የረጠበውም ቶሎ ከደረቀ፣ ቤቱ ልጅና የልጅ ልጅ ያኖራል። ስለዚህ ገንዘብም ጉልበትም መጀመሪያ መዋል ያለበት ጣራው ጫፍ፣ ቦዩና ግርጌው ላይ ነው፤ ልስኑ መጨረሻ ይመጣል። እኛ ብዙ ጊዜ የምንሠራው በተገላቢጦሽ ነው፤ ልስኑን እናሳምርና ቦዩን ለከርሞ እናቆየዋለን።

አገሩን ለማታውቁት ትንሽ ላስተዋውቅ። መካነ ሰላም የደቡብ ወሎዋ ቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው መንገድ ደጋውን አቋርጦ እዚያ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፣ ማዶው ጎጃም ነው። ከተማዋ ያለችው 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ወደ ደንቆሮ ጫካ ስትወጡ ደግሞ ጓሳና ጅባራ የሚበቅልበት ውርጭ ምድር ይመጣል። ዋናው ዝናብ በሰኔ ይገባል፣ በመስከረም ይወጣል፤ ሐምሌና ነሐሴ ፋታ አይሰጡም። ደጋው በልግም አለው፣ በረዶም አለው። በዚህ አገር ውሃ ለግድግዳ እንግዳ አይደለም።

ቤቱስ ምን ዓይነት ነው? በደጋው ጫፍ ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ የሚሠራ ግድግዳ ታያላችሁ። ከተማው ውስጥ የሚበዛው የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ በማገር የተያያዘ፣ በጭድ የቦካ ጭቃ የተመረገ፣ ከላይ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ነው። ይህ የቦረና ብቻ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድ በአገሪቱ የሚበዙት ቤቶች ግድግዳ እንጨትና ጭቃ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ የምናወራው ስለ ብዙኃኑ ኢትዮጵያዊ መኖሪያ ነው።

አሁን ወደ ጭቃው እንግባ፤ በጣም የሚገርመው እዚህ ነው። አፈር ውስጥ አሸዋ አለ፣ ደቃቅ አፈር አለ፣ ሸክላ አለ። አያያዡ ሸክላው ነው። ቅንጣቶቹ ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሱ ጠፍጣፋ ስለሆኑ ዓይን አያያቸውም። በመካከላቸው በጣም ስስ የሆነ የውሃ ሽፋን ይኖራል፤ ደረቅ የሚመስለን ግድግዳ እንኳ ጥቂት እርጥበት አለው። ያ ስስ ሽፋን ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ይስባቸዋል። ውሃው ሲበዛ መሳቡ ይጠፋና ቅንጣቶቹ መንሸራተት ይጀምራሉ፤ ግድግዳው ተመልሶ ጭቃ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ትንሽ ውሃ የግድግዳው ማያያዣ ነው፤ የሚያፈርሰው ትርፉ ነው። ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ ከውሃ ለመዝጋት መሞከር የማያስፈልገው ለዚህ ነው። ትርፉ የሚወጣበት መንገድ ከተገኘ ይበቃል።

ሸክላ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ሜዳው ላይ ያለው ጥቁሩ መረሬ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ብቻውን ግድግዳ ላይ ከተመረገም እንደዚያው ይሰነጠቃል። ተዳፋቱ ላይ ያለው ቀይ አፈር ጸባዩ የረጋ ነው፤ ለምርጊት እሱን ምረጡ። በእጃችሁ ያለው የቱ እንደሆነ ለማወቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን በአፈር ሙሉ፣ ቀሪውን በውሃ፣ ቁንጥጫ ጨው ጨምሩበት፣ በደንብ ነቅንቁና አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ደቃቁ አፈር በሰዓታት ውስጥ፣ ሸክላው ግን ቀን አልፎም ውሃውን እንዳደፈረሰ ሊቆይ ይችላል። በነጋታው የጠርሙሱን ሆድ በጎን ስታዩት የአፈራችሁ ጸባይ በድርብርብ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ልጆች ይህን ሙከራ ሲወዱት!

ከዚያ ማቡካቱ ነው። የጤፍ ጭድ ከአፈሩ ጋር ይረገጣል፣ ውሃ እየተጨመረ ይገላበጣል፣ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይተዋል። ሽታው ሲኮመጥጥ፣ ጭዱ ሲለሰልስ፣ ጭቃው እጅ ላይ ሲያሟልጭ ደረሰ ይባላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጥቃቅን ተሕዋስያን ጭዱን እየበሉ የሚያጣብቅ ነገር ይለቃሉ፤ ጭዱም እየላላ በቀጫጭን ክር ይበተናል። ክሩ ጭቃው ሲደርቅ የሚመጣውን መኮማተር ይይዛል፤ አንድ ትልቅ ስንጥቅ ሊሆን የነበረው ለዓይን በማይታዩ ብዙ ትንንሽ ስንጥቆች ይከፋፈላል። ትልቅ ስንጥቅ ከሌለ ደግሞ ውሃ መግቢያ አጣ። የጤፍ ጭድ ከስንዴና ከገብስ ጭድ የሚመረጠውም ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ነው። ዛሬ አቡክቶ ዛሬ የሚመርግ ሠራተኛ ካጋጠማችሁ አስቁሙት፤ ችኮላው በመጀመሪያው ክረምት ይታያል።

ጭቃው ጥሩ ሆነ እንበል። እንግዲህ ውሃው እንዴት ይመጣል? ብዙ ሰው የሚያስበው ከሰማይ ቀጥ ብሎ ግድግዳውን የሚመታውን ዝናብ ነው። ንፋስ የቀላቀለ ዝናብ በአንድ ጎን ሊጎዳ ይችላል፤ ጣራ ያለው ቤት ላይ ግን ዋናው ጥፋት የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው። እስቲ እናስላው። 5 በ6 ሜትር የሆነ ቤት ጣራው በየጎኑ ግማሽ ሜትር ቢወጣ 6 በ7 ሜትር ይሸፍናል፤ 42 ካሬ ሜትር ማለት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ የጣለ ከሰዓት በኋላ ጣራው 840 ሊትር ያወርዳል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 42 ጊዜ ሞልቶ ግድግዳ ሥር እንደ መድፋት ነው። ጣራው ባለ ሁለት ክንፍ ከሆነ በእያንዳንዱ ጎን 21 ጀሪካን። ይህ የአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ክረምቱ ሦስት ወር አለው።

ያ ውሃ ከ2 ሜትር ተኩል ከፍታ ሲወድቅ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 6 ሜትር ገደማ ይሆናል። ጠብታው የተላቀቀ አፈር ላይ ሲያርፍ ይፈነዳል፤ አፈሩን ይዞ ወደ ጎን ይረጫል። በዚህ ርጭት ነው ግድግዳው ከጉልበት በታች የሚበላው፤ ጭቃ የለበሰው የግርጌው ቀለም ይህን ይመሰክራል። ይህን ነገር የወሎ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ እርሻው ላይ አይቶታል። ከደሴ ብዙ በማይርቀው ማይባር እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፍቶ ዝናቡ፣ ጎርፉና የሚታጠበው አፈር ለዓመታት ሲለካ ኖሯል። እርከን፣ ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ፣ የሣር መከላከያ የሚሉት ነገሮች በደቡብ ወሎ የቤት ቋንቋ ናቸው። ማሳው ላይ የሚሠራው ሁሉ በትንሹ ተቀንሶ ጓሮ ውስጥ ይሠራል፤ ጎርፍ መቀልበሻ ያለው ማሳ እያየሁ ከአጠገቡ ያለው ቤት ጀርባው ላይ ቦይ እንደሌለው ሳይ ይቆጨኛል።

የድሮው የሣር ክዳን ይህን ጉዳይ በራሱ ይፈታው ነበር። ሰንበሌጥ ወይም ጓሳ ተነባብሮ ሲከደን ጫፉ ወፍራም ሆኖ ከግድግዳው ርቆ ዝቅ ይላል፤ ውሃውም ከዝቅታ ስለሚወድቅ ብዙ አይረጭም። ቆርቆሮ መጣ፤ እሳት አይፈራም፣ በየጊዜው ሣር አጨዳ አያስወጣም፣ እኔም ቆርቆሮን አልነቅፍም። የነቀፍኩት አቆራረጡን ነው። ቆርቆሮ ውድ ስለሆነ ጫፉ ላይ ይቆጠባል፤ ጣራው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ወጥቶ ይቆማል። ግድግዳው የሣር ክዳን ዘመን ጭቃ ሆኖ ሳለ ጥላው ተወሰደበት። ጣራው ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ዝናብ በሚመታው ጎን 80 ሴንቲ ሜትር ቢወጣ ወጪውን በቤቱ ዕድሜ ሁሉ ይመልሳል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ እንደ ቦረና ባለ ንፋሳም ደጋ ረጅም ጫፍ ንፋስ ሊያነሣው ይችላልና ወራጁን ከቋሚው ጋር በሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩት፤ የቆርቆሮ ምስማሩንም በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ምቱ፣ ውሃ በሚወርድበት ገንዳው ላይ የተመታ ምስማር ያፈሳል።

ጥላ ለጭቃ ምን ያህል ሕይወት እንደሚሰጥ ማየት የሚፈልግ ሰው ዘጌ ሄዶ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ይይ። የመቅደሱ ግድግዳ ጭቃ ለብሷል፤ በላዩ ጨርቅ ተለጥፎ ሥዕል ተሥሎበታል። ጣና ዳር፣ ያ ሁሉ እርጥበት ባለበት! ሥዕሎቹ የኖሩት ክቡ ቤተ ክርስቲያን መቅደሱን መካከል አድርጎ ዙሪያውን በሌላ ግድግዳና በሰፊ ጣራ ስለከበበው ነው፤ ዝናብ መቅደሱን አይነካውም። በራሳችን ወሎ፣ ላስታ ውስጥ፣ ይምርሐነ ክርስቶስ ይህንኑ በሌላ መንገድ አድርጎታል። ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራው ዋሻ ውስጥ ነው። እንጨትና የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቀ የቆመው ግድግዳ ከ800 ዓመት በላይ አሳልፏል። አባቶች ግድግዳውን ከማጠንከር በፊት ዝናቡ የማይደርስበትን ቦታ መርጠዋል።

ከጣራ የወረደውን ውሃ አሸንዳ ቢቀበለው የተሻለ ነው። አሸንዳው ግን መጨረሻ ያስፈልገዋል። ብዙ ቤት ላይ አሸንዳው ተገጥሞ መውረጃው ማዕዘኑ ሥር ይቀራል፤ ያኔ በጠቅላላው ግድግዳ ይከፋፈል የነበረው ውሃ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ማዕዘኑን ይገዘግዛል። በርሜል አስቀምጡለት፣ የበርሜሉን ትርፍ ደግሞ ከቤቱ ሁለት ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ወደ ቦይ አውጡት። አሸንዳ መግዛት ካልተቻለ ጠፈጠፉ በሚያርፍበት መስመር ላይ ጥልቀት የሌለው ቦይ ቆፍሩና በደቃቅ ድንጋይ ሙሉት። ጠብታው ድንጋዩ መካከል ይሰባበራል፣ አይረጭም። እዚያ ቦታ ላይ ሲሚንቶ የሚያነጥፉ አሉ፤ ለስላሳና ጠንካራ ስለሆነ ጠብታውን ወደ ግድግዳው ይመልሰዋል፣ ርጭቱ ይብሳል። ድንጋዩ ርካሽም የተሻለም ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከታች ወደ ላይ ነው። ጭቃ ግድግዳ እርጥብ መሬት ላይ ሲቀመጥ ውሃውን የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስበው ሽቅብ ይስበዋል። የሚስቡት በቅንጣቶቹ መካከል ያሉት እጅግ ጠባብ ክፍተቶች ናቸው፤ ክፍተቱ በጠበበ ቁጥር ውሃው ከፍ ይላል፣ ሸክላ ደግሞ ክፍተቱ በጣም ጠባብ ነው። ውሃው ሲወጣ ከአፈር ውስጥ ጨው ይዞ ይወጣል። ግድግዳው ፊት ላይ ውሃው ተንኖ ጨው ሲቀር፣ የጨው ቅንጣቱ እያደገ ልስኑን ከውስጥ ይገፋዋል። ነጭ ዱቄት ያያችሁበት፣ በጣት ሲነካ የሚረግፍ ቦታ ካለ ይህ እየተካሄደ ነው። እና ልብ በሉ፣ ይህን የሚያጠጣው ዝናብ ብቻ አይደለም። ደጃፍ ላይ የሚደፋ እጣቢ፣ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ የሚታሰር ከብት ሽንት፣ የተከመረ ፍግ በበጋም ግርጌውን እርጥብ ያደርጉታል። የከብት ሽንት ጨውም ስላለበት ጉዳቱ እጥፍ ነው።

ሽቅብ የሚወጣውን የሚያግደው ድንጋይ ነው። ግድግዳው ከመሬት 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ድረስ ድንጋይ ከሆነና ጭቃው ከዚያ በላይ ከጀመረ፣ ርጭቱም ያገኘው ድንጋይ ነው፣ መሳቡም ትላልቁ ክፍተት ላይ ይቆማል። የደጋው ሰው ካብ መካብ የሚያስተምረው አያስፈልገውም። አዲስ ቤት ለሚሠራ ይህ ቀላል ነው። ለቆመ ቤትስ? የሚቻል ነው፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፣ እዚህ ላይ ስለ ቋሚዎቹ ማውራት አለብን።

መሬት ውስጥ የተቀበረ የባሕር ዛፍ ቋሚ ስታወጡ የምታዩት ነገር ያስገርማል። ከላይ ያለው ጤነኛ ነው። ጥልቁ ጫፍም ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የበሰበሰው መሬቱና አየሩ የሚገናኙበት፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ላይና ታች ያለው ክፍል ነው። እንጨት የሚያበሰብሰው ሻጋታ ውሃም አየርም ይፈልጋል፤ ላይ አየር አለ ውሃ የለም፣ ታች ውሃ አለ አየር ያንሳል፤ ሁለቱም የሚገኙት እዚያ መስመር ላይ ነው። ጫፉን በእሳት መለብለብ ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ሲቀቡ ግን የተቀበረውን ብቻ ቀብተው መሬት ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ፤ መቀባት ያለበት ከመሬት በላይ ስንዝር ተኩል ድረስ ነው። ጥድና ወይራ ከባሕር ዛፍ በብዙ ይበልጣሉ፣ ዛሬ ግን እነሱን ቆርጦ ቤት መሥራት ለማንም አልመክርም። የተሻለው ቋሚውን ከመሬት ማላቀቅ ነው። ጣራውን በጠንካራ ድጋፍ ያዙ፣ አንድ ቋሚ ብቻ ምረጡ፣ ግርጌውን ጭቃ አራግፉ፣ የበሰበሰውን ቁረጡና በሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገቡ። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ሁለት ቋሚ አጠገብ ለአጠገብ በአንድ ጊዜ አትንኩ። ቋሚዎቹ ድንጋይ ላይ ከተቀመጡ በኋላ በመካከላቸው ያለውን ክፍት ቦታ በድንጋይ እየሞሉ ከፍ ማድረግ ነው። ወንፈል ወይም ደቦ ከተገኘ ሥራው ይቀላል።

ሦስተኛው ውሃ ከተራራው የሚመጣው ነው። የወሎ ቤት ብዙ ጊዜ ተዳፋት ተቆርጦ ነው የሚሠራው። ከኋላ የተቆረጠው ገደል በየክረምቱ ጥቂት ጥቂት ይናዳል፤ የተናደው የኋላውን ግድግዳ ይደገፋል። በዓመት አራት ጣት ቢሆን ማን ያየዋል? ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ጓሮው ከቤቱ ወለል በላይ ሆኗል፣ ግድግዳውም ክረምቱን በሙሉ አፈር ውስጥ ቆሟል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ቤታችሁን ዛሬ ፈትሹ፦ የውጭው መሬት በየትኛውም ጎን ከውስጡ ወለል ከፍ ካለ፣ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትታችሁ መጥረግ ያለባችሁ እሱን ነው። መሬቱ ከግድግዳው ወደ ውጭ በአንድ ሜትር ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ከገደሉ በላይ ደግሞ ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቀደድ፤ ጎረቤት ላይ እንዳይወርድ መድረሻው አብሮ ይታሰብ።

አሁን ወደ ሲሚንቶው እንምጣ፤ ጠንከር ብዬ የምናገረው እዚህ ነው። ሰው ግርጌው ሲበላበት የመጀመሪያ ሐሳቡ ሲሚንቶ መለሰን ነው። ገንዘብ ያጠራቀመ ቤተሰብ፣ ከከተማ ልጅ ላከልኝ ያለች እናት ያንን ያደርጋሉ፤ ለአንድ ሁለት ዓመት ቤቱ ያምራል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፣ ከኋላው ያለው እንጨትና ጭቃ ደግሞ በእርጥበትና በሙቀት ይንቀሳቀሳል። ልስኑ በፀጉር ስፋት ይሰነጠቃል። ዝናቡ በስንጥቁ ይገባል፤ ከታችም እርጥበቱ ይወጣል፤ በሲሚንቶው በኩል ግን ተንኖ መውጣት አይችልም። ግድግዳው ከውስጥ ይለሰልሳል፣ ቋሚው ይበሰብሳል፣ ከውጭ ምንም አይታይም። የሚታወቀው አልጋው አጠገብ ያለው የውስጥ ግድግዳ መሻገት ሲጀምር ነው። በጣት አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ሲሚንቶው ከጭቃው ተለያይቷል።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ ራንቾስ ደ ታኦስ በተባለ መንደር፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከጭቃ ጡብ የተሠራ ቅዱስ ፍራንሲስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 በየጊዜው ከመመረግ እንገላገል ብለው ሲሚንቶ ለበጡት። ውሃው ከልስኑ ኋላ ታስሮ ግድግዳውን ሲያበላሸው ስለተገኘ በ1979 ሲሚንቶውን ልጠው ጥለው ወደ ጭቃ ልስን ተመለሱ። ዛሬም ምእመናኑ በየዓመቱ እየተሰበሰቡ በእጃቸው ይመርጉታል። ሀብታም አገር፣ ሲሚንቶ ሞልቶ በተረፈበት፣ አሥራ ሁለት ዓመት አይተው ወደ ጭቃው ተመለሱ። ይህን ለማንም የሲሚንቶ ብር ለሚቆጥር ሰው ብትነግሩልኝ ደስ ይለኛል።

ሲሚንቶ አስቀድሞ የተለሰነ ቤት ያለው ሰው ሁሉንም ይላጥ አልልም። ከመሬት እስከ ግማሽ ሜትር ያለውን ብቻ በጥንቃቄ አንሡት፤ እርጥበቱ በዚያ በኩል ይወጣል። አንድ በጋ ክፍት ሆኖ ይድረቅና በጭቃ ይመረግ።

ለመጨረሻው ልብስ የእናቶቻችን መልስ እበትና አመድ ነው፤ እሱም ትክክል ነው። እበት ውስጥ የተፈጨ ደቃቅ ክር አለ፣ የሚያጣብቅ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በቡርኪና ፋሶ አፈር ላይ የተደረገ ጥናት እበቱ ከሸክላውና ከደቃቁ አሸዋ ጋር ተዋሕዶ ውሃ የማያሟሟው ማጣበቂያ እንደሚፈጥርና የጭቃው ጡብ ውሃን የመቋቋም አቅሙ እንደሚጨምር አሳይቷል። ኖራም ጥሩ ነው፤ ውሃ ያሳልፋል፣ እየዋለ እያደረ ከአየሩ ጋር ተዋሕዶ ይጠነክራል። በስሱ፣ ደጋግሞ፣ ዓይንን ተጠብቆ መቀባት ነው። የዘይት ቀለም ግን እንደ ሲሚንቶው ያፍነዋል። በየመን ሺባም ከተማ ከጭቃ ጡብ የተሠሩት ረጃጅም ፎቆች አናታቸው በኖራ የተለሰነው ውሃውን እንዲያንሸራትት ነው። እነዚያ ፎቆች እንኳ እ.ኤ.አ. በ2008 ጎርፍ ሲመጣ ተጎዱ፤ ጎርፉ የደረሰው ከታች ነበር።

ማሊ ውስጥ ጄኔ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1907 የተሠራው ታላቅ የጭቃ መስጊድ በየዓመቱ ከዝናቡ በፊት በከተማው ሕዝብ ይመረጋል። ቀኑ በዓል ነው። እኛም ቀን አለን፤ ሠርግ ሲደርስ፣ ዓውደ ዓመት ሲመጣ ቤት ይለሰናል። የጥር ሠርግ ያለበት ቤት የሚመረገው በደረቁ ወራት ስለሆነ ጊዜው መልካም ነው። ችግሩ የሚለሰነው እንግዳ የሚያየው የደጃፉ ግድግዳ መሆኑ ነው። ገደሉ ያለበት፣ ፀሐይ የማይደርስበት፣ ከብቱ የሚታሰርበት የጓሮው ግድግዳ ይዘለላል። ሙሽራዋ የምትገባበትን አሳምሩ፤ ጭቃው ሲተርፍ ግን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጓሮ ይሁን።

አሁን ሐምሌ ላይ ሆናችሁ ግርጌው እየፈረሰ ከሆነ አትምረጉ። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተመረገ ጭቃ አይዝም፣ ይባስ ብሎ ውሃውን ያፍናል። ቦዩን ቅደዱ፣ ጓሮውን ጥረጉ፣ ከጣራው ጫፍ ላይ ላስቲክ ወደ ታች ልቀቁ፤ ላስቲኩ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ታቹም ክፍት ይሁን፣ ንፋስ እንዲያልፍ። ጥቅምት ሲገባና ግድግዳው በጣት ሲነካ ቀዝቃዛ መሆኑን ሲተው ሥራው ይጀመራል። የላላውን ሁሉ አራግፉ፣ ጠንካራው ላይ እስክትደርሱ። ፊቱን በሹል ነገር ጫሩት፣ ውሃ ርጩበት፤ ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ ወዲያው መጥጦ ያላቅቀዋልና ይህን አትዝለሉ። ከመምረጋችሁ በፊት ቅልቅሉን በሦስት ዓይነት አድርጋችሁ፣ አንዱ ጭድ የበዛበት፣ አንዱ አሸዋ የበዛበት፣ አንዱ መካከለኛ፣ እያንዳንዱን የእንጀራ ምጣድ ግማሽ በሚያህል ቦታ ላይ ሞክሩት። ሲደርቁ የተሰነጠቀውን ተዉ፣ በጣት ሲታሽ የሚረግፈውንም ተዉ፣ በቀረው ላይ አንድ ጣሳ ውሃ አንቆርቁሩና እዩት። የቆመውን ይዛችሁ ከጓሮው ግድግዳ ጀምሩ፤ የመጀመሪያውን ድርብ ሻካራ አድርጋችሁ ተዉት፣ ሲደርቅ ሁለተኛውን፣ እበቱንና አመዱን ደግሞ ለመጨረሻ፣ ግርጌው ላይ ወፈር አድርጋችሁ።